ተጨማሪ መረጃ፦ ለመርሳት ሕመም የታሰበ መንደርና ቤት

በኔዘርላንድስ፣ ከአምስተርዳም አጠገብ በምትገኘው ዌስፕ፣ ሆግቪክ የሚባል መንደር አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዲሜንሺያ (የመርሳት ሕመም) ለጠናባቸው ሰዎች ነው። ነዋሪዎቹ ስድስት ሰባት ሆነው በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ምግቡ እዚያው ይበስላል፤ አስቤዛው ከመንደሩ ሱቅ ይሸመታል። ተንከባካቢዎቹ ነጭ ጋዎን አይለብሱም። መንደሩ በራሱ ሕንፃዎች ስለታጠረ ነዋሪው በአደባባዩና በአትክልቱ ስፍራ እንደ ልቡ ይንሸራሸራል። ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ከሚውል ሰው ኑሮ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እንዲህ ያለ መንደር ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቤትን ማስተካከል ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስተዋልን እንጂ ሀብትን አይጠይቅም። ሕመሙ ጥልቀትን የመለየት ችሎታን ስለሚያዳክም፣ ወለል ላይ የተነጠፈ ጥቁር ምንጣፍ ጉድጓድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ታማሚው ደፍ ላይ ደርሶ አላልፍም ቢል ግትርነት አይደለም፤ በእርግጥ ፈርቶ ነው። መፍትሔው እሱን መቆጣት ሳይሆን ምንጣፉን ማንሳት ነው። የመጸዳጃ ቤቱን በር ከግድግዳው በተለየ ደማቅ ቀለም መቀባት፣ ሌሊት ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን መብራት አለማጥፋትም ይረዳል። በመስተዋት የሚያየውን የራሱን መልክ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚደነግጥ ከሆነ ደግሞ መስተዋቱን መሸፈን ይቻላል።