ሁለቱ የፖሊስ አዛዦችና የሶዶው አገረ ገዥ

የከተማ ጸጥታ ጠባቂ የነበረ ሹም አገር ወደ መምራት መድረሱ በዓለም ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። ኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥቷን አሰናብታ አዲስ ሪፐብሊክ ከሆነች በኋላ፣ የቪየና ፖሊስ ሹም ዮሐን ሾበር በ1913 ዓ.ም. የመንግሥቱ መሪ ሆነ። ነገር ግን ወደ ፖሊስ ሹመቱ ተመልሶ ሳለ፣ በሐምሌ 1919 ዓ.ም. ፖሊሶቹ በሕዝብ ላይ ተኵሰው ከ80 የሚበልጥ ሰው ስለ ሞተ፣ ስሙ ከዚያ ቀን ጋራ ተያይዞ ቀረ።

በእኛ አገር በዚህ መንገድ የሄዱት ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ በባላምባራስነት የከተማዪቱ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። የሚያዝዛቸው መንግሥት ባልነበረበት በዚያ ጊዜ ወደ ሸዋ በረሃ ወጥተው አምስት ዓመት ተዋጉ፤ በ1932 ዓ.ም. ከጣሊያን ሹማምንት ጋራ የዕርቅ ንግግር እያደረጉ ጊዜ ገዙ እንጂ መሣሪያቸውን አላስረከቡም። ከድል በኋላ የትግራይ ገዥ፣ የጦር ሚኒስትር፣ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

አሁን ነገራችንን ወደ ሶዶ እንመልስ፤ የራስ አበበን ፍጻሜ ካመጡት ሰዎች አንዱ ቀድሞ በዚያ ተሹሞ ነበርና።

በ1887 ዓ.ም. የወላይታው ንጉሥ ጦና ከተያዘ ወዲህ፣ በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ያለው ለም መሬት አብዛኛው ለሹማምንትና ለወታደር ተሰጥቶ፣ የአገሩ ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ ይኖር ነበር። በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት አቶ ገርማሜ ንዋይ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆነው ሲመጡ፣ ቀድሞም የጻፉት ጥናት ነጮች በኬንያ ስለ መስፈራቸው ነበርና፣ መሬት የሌለው ሰው ኑሮ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ መምህር አላስፈለጋቸውም። መንገድና ትምህርት ቤት አሠሩ፤ ያልታረሰውንም የመንግሥት መሬት መሬት ለሌላቸው አከፋፈሉ። ባለ ርስቶቹ ወደ ላይ አቤት ስላሉ፣ ከወላይታ ተነሥተው ወደ ጅጅጋ ተላኩ። እኛ እንደሚመስለን ሥራቸው ሁሉ ከዚህ የበለጠ የለም፤ ማንንም ሳይገድሉ ለድኻው ፈርደዋልና።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ሳሉ፣ ከወንድማቸው ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ከፖሊስ ሠራዊት አዛዥ ከብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ጋራ ሆነው መንግሥቱን ያዙ። ሪፐብሊክን የሚያውጅ ቃል አልተሰማም፤ በራዲዮ የተነገረው በአልጋ ወራሹ ስም ነበር። ጦር ሠራዊቱ ግን አልተከተላቸውም፤ ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስም አወገዟቸው። ሽንፈቱ በታወቀ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በተያዙት መኳንንትና ሚኒስትሮች ላይ ተተኰሰ። አምስት ዓመት ሙሉ የጠላት ጥይት ያላገኛቸው ራስ አበበ በወገን ጥይት ወደቁ። ለወላይታ ጭሰኛ የተቈረቈሩት ሰው ይህን ደም ማፍሰስ ለምን አስፈለጋቸው? ስለ መሬት የነበራቸው ሐሳብ የቀና መሆኑ ከዚህ ነገር ነፃ አያወጣቸውም።

ጄኔራል ጽጌ በውጊያው ሞቱ። አቶ ገርማሜም ከከተማ ሸሽተው ሳለ በታኅሣሥ 15 ቀን ሞቱ፤ ወንድማቸውም በመጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ። የገጠር መሬት ለአራሹ የሆነው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ አዋጅ ነው፤ የወላይታም ጭሰኛ ያን ጊዜ ከባለ ርስቱ እጅ ወጣ።