ፊልሙ ያላወቀው ልጅ
“ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ” እና የተመልካቾቹ ክርክር

ስም ያለው ሰው ልጅ መሆን በጎም ክፉም አለው። በአባቱ ስም በሩ ሁሉ ይከፈትለታል፤ ከገባ በኋላ ግን “አባቱን አይመስልም” የሚል ሃሜት ይከተለዋል። ከታወቀ ፊልም ተገንጥለው፣ ከገፀ-ባህሪያቱ አንዱን ይዘው ለብቻቸው የሚወጡ የቴሌቪዥን ድራማዎች ዕጣም ይኸው ነው። አሜሪካኖቹ “ስፒን ኦፍ” ይሏቸዋል። ከእነዚህ መካከል ተመልካቹን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረው የማርቭል “ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ” ነው።

የድራማው ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ሞት ነው። እ.ኤ.አ በ2012 ለዕይታ በበቃው “ዘ አቬንጀርስ” ፊልም ላይ ሺልድ የተባለው የስለላ ድርጅት ባልደረባ ፊል ኮልሰን፣ በሎኪ እጅ ይገደላል። ኮልሰን አይበርም፣ መዶሻ አይወረውርም፤ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ስራውን የሚሰራ ትሁት ሰው ነው። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ተመልካቹ ሞቱን አልቀበልም ያለው። “ኮልሰን አልሞተም” የሚል ዘመቻ በኢንተርኔት ተቀጣጠለ። ሰውየውም ከሞት ተነስቶ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2013 በኤቢሲ ቴሌቪዥን በጀመረው አዲስ ድራማ ላይ የአንድ አነስተኛ ቡድን መሪ ሆኖ ብቅ አለ። የተጫወተውም ያው ተዋናይ ክላርክ ግሬግ ነበር።

የመጀመሪያውን ክፍል በአሜሪካ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተመለከተው። ቅሬታውም ወዲያው ተከተለ። “ሱፐር ሂሮዎቹ የታሉ?” አለ ተመልካቹ። አይረን ማን የለ፣ ቶር የለ፣ ካፒቴን አሜሪካ የለ። በየሳምንቱ አንድ እንግዳ ዕቃ ወይም አንድ እንግዳ ሰው ይገኛል፣ ቡድኑ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ ችግሩን ፈትቶ ይመለሳል። ገሚሱ ተመልካች “ይህማ ተራ የፖሊስ ድራማ ነው” ብሎ ጥሎት ሄደ። ሌላው ደግሞ “ታገሱት፤ ሰዎቹን እስክንለምዳቸው ነው” እያለ ተሟገተ። የመጀመሪያው ሲዝን ሲያበቃ የቀረው ተመልካች ከግማሽ በታች ነበር።

ዛሬ ነገሩን ወደኋላ ሄዶ ለሚመለከት፣ ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። ድራማው የዘገመው አዘጋጆቹ ተረት ስላለቀባቸው ብቻ አልነበረም። “ካፒቴን አሜሪካ፡ ዘ ዊንተር ሶልጀር” የተባለው ፊልም ኤፕሪል 4 ቀን 2014 አሜሪካ ውስጥ መታየት ሲጀምር፣ ሺልድ ውስጥ ሃይድራ የተባለው ጠላት ለአስርት ዓመታት ተደብቆ እንደኖረ ያጋልጣል፤ ድርጅቱም ይፈርሳል። ድራማው ደግሞ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ድርጅት ነው! ፊልሙ ሳይወጣ ምስጢሩን ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ 16 ክፍሎች ያህል ባሉበት መርገጥ ነበረባቸው።

ፊልሙ በወጣ በአራተኛው ቀን 17ኛው ክፍል ተላለፈ። ከቡድኑ አባላት አንዱ፣ መልከ መልካሙና ታማኙ ግራንት ዋርድ፣ የሃይድራ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከዚያች ምሽት ወዲህ የተመልካቹ ወሬ ተለወጠ። አሰልቺ የተባለለት ያ ሁሉ ሳምንት ዋርድን እንድናምነው የተዘጋጀ ወጥመድ መሰለ። ችግሩ፣ ጥሎ የሄደው ተመልካች ይህን ለማየት አልተመለሰም።

“ሱፐር ሂሮዎቹ የታሉ?” ለሚለው ጥያቄም መልሱ ከውጭ አልመጣም። መኪና ውስጥ እየኖረች የኮምፒዩተር ምስጢር ስትሰብር የተዋወቅናት ስካይ (ተዋናይቷ ክሎዊ ቤኔት ናት) በሁለተኛው ሲዝን ምድርን የሚያንቀጠቅጥ ሃይል እንዳላት ታወቀ፤ እውነተኛ ስሟም ዴይዚ ጆንሰን ሆነ። ጀግናዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይናችን ስር ነበረች ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ግን ከመጀመሪያው የመረረ ነው፤ የሚያሰሙትም እስከ መጨረሻው የፀኑት ተመልካቾች ናቸው። ማርቭል “ሁሉም የተያያዘ ነው” እያለ ነበር ድራማውን ያስተዋወቀው። ተመልካቹም አምኖ ፊልሙንም ድራማውንም ተከታተለ። ዝምድናው ግን ባንድ በኩል ብቻ ሆነ። ድራማው የፊልሞቹን ወሬ ያነሳል፤ ፊልሞቹ የድራማውን አያነሱም። ኮልሰን ህይወት ዘርቶ ሲዞር፣ አቬንጀርሶቹ እንደሞተ ነው የሚያውቁት። እ.ኤ.አ በ2019 “ካፒቴን ማርቭል” ላይ ሲመጣም ታሪኩ በ1990ዎቹ፣ ከመሞቱ በፊት የሆነ ነው።

ለዚህም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ በ2015 የፊልሙ ክፍል በኬቨን ፋይጊ መሪነት በቀጥታ ለዲዝኒ ስቱዲዮ ተጠሪ ሲሆን፣ የቴሌቪዥኑ ክፍል በቀድሞው አስተዳደር ስር ቀረ። አንድ ስም የያዙ ሁለት ቤቶች ሆኑ። ውጤቱ በስክሪኑ ላይ ታየ፦ በ2018 ታኖስ የፍጥረትን ግማሽ በጣቱ ሲያጠፋ፣ በቀጣዩ ዓመት የተላለፈው የድራማው ስድስተኛ ሲዝን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ቀጠለ።

የሚገርመው፣ ብዙ አድናቂዎች ድራማው አማረበት የሚሉት ፊልሙን መጠበቅ ሲያቆም ነው። እ.ኤ.አ በ2016 የጀመረውን አራተኛውን ሲዝን ከሁሉም የሚያስበልጡት አያሌ ናቸው። ጎስት ራይደርን፣ ሰው መሳይ ሮቦቶችንና ሃይድራ ያሸነፈበትን የምናብ ዓለም በአንድ ሲዝን አገናኝቶ አሳይቷል። የዚያን ጊዜ ያየው ሰው ግን ከመጀመሪያው ምሽት ጋር ሲነፃፀር ጥቂት ነበር። ያም ሆኖ ድራማው ሰባት ሲዝን፣ 136 ክፍል ዘልቆ በኦገስት 12 ቀን 2020 በወጉ ተሰናበተ።

እንግዲህ ላላየው አንባቢ የምንለው፦ የመጀመሪያዎቹን 16 ክፍሎች ከቻሉ ይታገሷቸው። “ፊልሙን አይመስልም” የሚለው ወቀሳ ትክክል ነው፤ ግን አንድን ልጅ አባቱን ባለመምሰሉ ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። የተመልካቹ ሌላው ቅሬታ ግን እስካሁን መልስ ይገባዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ “ሁሉም የተያያዘ ነው” የተባለ ሰው፣ በስተመጨረሻ ያልተያያዘው እሱ የወደደው ክፍል መሆኑን ሲያይ፣ ቢከፋው አይፈረድበትም።