ሁለት ወጥ ቤት ያለው ሠርግ

የመጨረሻው ታናሽ ወንድማችን በ43 ዓመቱ ሲዳር ድንኳኑ የተጣለው አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለው የእናታችን ግቢ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት የእህቶቼ ልጆች ወጪ እንቀንስ ብለው፣ «በሬውም ወጥ ቤቱም አንድ ይሁን» አሉ። ክፋት የላቸውም፤ ወሎን አያውቁትም እንጂ። አንድ አያት ያፈራን ሆነን ግማሾቻችን ሙስሊም፣ ግማሾቻችን ክርስቲያን ነን። ሥጋው አንድ ቢሆን ግማሹ ዘመድ ጦሙን ያድር ነበር።

ስለዚህ ለየብቻ ታረደ። እንጀራው፣ ቀሪቦውና ቡናው የጋራ ነው። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝና ቢላዋና ድስት የመለየቱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ፤ በሙስሊሞቹ ድስት እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። አንዱ አጎቴ ክሩን ለማረጋገጥ ብለው ከሦስት ድስት ቀመሱ!

ኢንሱሊን የሚወጉትን ሽማግሌዎች ግን ሙሽሮቹ እስኪደርሱ አላስጠበቅኳቸውም። ሠርግ መዘግየቱ አይቀርም፣ መርፌ ተወግቶ ሳይበሉ መቆየት ደግሞ ስኳርን ያወርዳል። እናንተም ቤት ይህ አይረሳ።

ማታ ቡናው ሲፈላ ሙስሊሟ አክስቴ መዳፋቸውን ዘርግተው ሙሽሮቹን መረቁ። ቄሱ አጎቴ ከሁላችን ቀድመው «አሜን» አሉ። ወዲያው የተረፈው ቀሪቦ ለማን ይሂድ በሚለው ሁለቱ ተጨቃጨቁ።