አመለኛ ውሻ ለማን አደራ ይሰጣል?

ለእህቷ ሠርግ አንድ ሳምንት ሐዋሳ ልትከርም የተነሳች አንዲት የአዲስ አበባ ወጣት፣ ውሻዋን በክፍያ ውሻ ለሚያቆይ ሰው ስታስረክብ «እሱ እኮ በግ ነው» አለች። «በጉ» ታዲያ እንግዳ ባየ ቁጥር ሰንሰለት ሊበጥስ የሚደርስ ነው! በሁለተኛው ቀን የሰውየውን እጅ ዘነጠለው። ለምን ደበቅሽ ስትባል «እውነቱን ብናገር ማን ይቀበለኛል?» ባይ ናት።

ይሄ መልስ ለእኛ አልተዋጠልንም። እንዲህ ያለ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ከጀግንነት ሳይሆን ከፍርሃት ነው። ባለቤቱ የለች፣ ሽታው ሁሉ እንግዳ፣ ግራ ቀኙ የማያውቃቸው ውሾች... ቤቱ ሳለ ያልነከሰው እዚያ ቢነክስ ምን ይገርማል?

የሚያውቀው ዘበኛ ወይም ጎረቤት ካለ ከግቢው ባይወጣ ይመረጣል። የግድ ከሆነ ግን ጉዞው ሳይደርስ ደጋግማችሁ ውሰዱት፤ ጠባቂው ምግብ እየወረወረለት ይልመደው፤ አንድ ሌሊትም አድሮ ይሞከር። የሚተኛበትን ምንጣፍ አብራችሁ ስጡ። የሚያስቆጣው ሳህኑን ሲነኩበት ነው ወይስ ከኋላው ሲመጡበት? ሳታፍሩ ተናገሩ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱስ? ቀልድ አይደለም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ሐኪም ቤት ይሂድ። ውሻውንም ተናዶ መግደል አይበጅም፤ ታስሮ 10 ቀን ይታያል። በደህና ከሰነበተ፣ በነከሰ ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።