የስኳር ሕመምና ካንሰር፦ ሁሉም ምልክት «ስኳሩ ነው» አይባልም

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ በሰቃ፣ የጤፍና የስንዴ ማሳ ከፋብሪካና ከመጋዘን ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ቀድሞ ከሞፈርና ቀንበር ጋር ይውል የነበረ ሰው በጥበቃ፣ በሹፌርነት ወይም በሱቅ ሥራ ተቀምጦ ሲውል እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ይህም ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያጋልጣል። ሕመሙ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን እንደሚጎዳ ብዙዎች ያውቃሉ፤ ከካንሰር ጋር ያለው ዝምድና ግን እምብዛም አይነገርም።

የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርና የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 በጋራ ባወጡት ሪፖርት እንደተመለከተው፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጉበት፣ በቆሽትና በማሕፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ሁለት እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። የትልቁ አንጀት፣ የጡትና የሽንት ፊኛ ካንሰር ሥጋትም በመጠኑ ይጨምራል። ይህ ማለት ግን ስኳር ያለበት ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይያዝም።

ዝምድናው ከኢንሱሊን ይጀምራል። ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ሲዳከም ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ሴሎች እንዲባዙ ይገፋፋል። ውፍረት፣ ሲጋራና አልኮልም ሁለቱንም ሕመሞች ያባብሳሉ። በጉበት ላይ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስና በሻገተ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን ሲታከልበት ሥጋቱ ይከብዳል። ስለዚህ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ማድረግ፣ እህልንም በሚገባ አድርቆ ማከማቸት ይበጃል።

ትልቁ አደጋ መዘናጋት ነው። መክሳትና ድካም የስኳር ሕመም ምልክቶች በመሆናቸው፣ ታማሚውም ቤተሰቡም «ስኳሩ ነው» ብለው ሊያልፏቸው ይችላሉ። ከ50 ዓመት በኋላ ስኳር በድንገት የታየበትና ያለምክንያት የከሳ ሰው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ በሰገራው ወይም በሽንቱ ደም ያየ፣ የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ የደማች፣ ወይም ባያምም እንኳ በጡቷ እብጠት ያገኘች፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ ሊመረመሩ ይገባል።

ካንሰርን ፈርቶ የስኳር መድኃኒትን ማቋረጥ ሌላ አደጋ ያስከትላል። የአካባቢው ነዋሪ በቅርቡ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሮ፣ እንደ አስፈላጊነቱ በሪፈር ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ከዚያም የካንሰር ሕክምና ወደሚሰጥበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሊደርስ ይችላል። በጊዜ የተነገረ ምልክት የመዳን ዕድልን ያሰፋል።