ዓድዋ በቆርኪ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከገበያው ሻይ ቤት በር ላይ ጎንበስ ብዬ የለስላሳ ቆርኪ ስለቅም ባለቤቲቱ አየችኝና «መምህር፣ ምነው? ራሽኑ አልበቃ አለ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም «ጦር እያሰባሰብኩ ነው» አልኳት። ቀልድ መስሏት ነበር፤ እኔ ግን እውነቴን ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር 229 ቆርኪ ሰበሰብን። 200ው የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ሲሆን 29ኙ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ነው። አንዱ ቆርኪ 500 ሰው ይወክላል።

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪዎቼን «ዓድዋ መቼ ነው የተደረገው?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «የካቲት 23 ቀን 1888!» ይላሉ። «እንዴት ተሸነፈ ጠላት?» ስል ደግሞ «በጀግንነት!» ይሉና ዝም። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጀግንነቱ እውነት ነው፤ ግን ጀግና የሆነ ሁሉ አያሸንፍም፣ ይህን እዚህ ካምፕ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን። የፕሩሲያ መኮንኖች ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጦርነትን በካርታ ላይ በትንንሽ ቁርጥራጮች እየተጫወቱ ይማሩ እንደነበር አስታወስኩ። እነሱ በቁርጥራጭ ከተማሩ እኛ በቆርኪ ብንማር ምን አለበት?

ሜዳው

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን አሸዋ በልብስ እጣቢ ውኃ አርሰን ተራራ ሠራን። በምሥራቅ በኩል ጣሊያኖች የሰፈሩበት ሳውርያ፣ በምዕራብ ዓድዋ ከተማና የሶሎዳ ተራራ፣ በመካከል ራዕዮ፣ በላህና ኪዳነ ምሕረት፣ በሰሜን በኩል የማርያም ሸዊቶ ሸለቆ። አራት ጓደኛሞች ነን። አንዱ የቀድሞ ጦር መድፈኛ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ከወዲያኛው ብሎክ የሚኖር ኤርትራዊ ፀጉር አስተካካይ፣ አራተኛው እኔ ዳኛው። የጎደለውን የአዛዥ ቦታ የሰፈሩ ወጣቶች ሞሉት።

ችግር የመጣው ወንበር ስናከፋፍል ነው። ምኒልክን፣ ጣይቱን፣ ራስ መኮንንን፣ ራስ አሉላን ሁሉም ይፈልጋል። ጣሊያንን ማን ይሁን? ዝም ዝም ሆነ። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ «ጨዋታ አይደል እንዴ? እኔ ልሁን» አለ። እኔም ብዙ ሳላስብ የጄኔራል አልቤርቶኔን ብርጌድ ሰጠሁት። የዚያ ብርጌድ ወታደር አብዛኛው ከኤርትራ የተመለመለ አስካሪ ነበር። መድፈኛው ዳቦርሚዳን ወሰደ፤ የአሪሞንዲንና የኤሌናን ብርጌድ ሁለት ወጣቶች ያዙ። ልብስ ሰፊው ምኒልክ ሆነ።

ሕጉ

ቆርኪ በአንድ ተራ ሜዳ ላይ አንድ ስንዝር፣ ዳገት ላይ ግማሽ ስንዝር ይሄዳል። የተገናኙ ቆርኪዎች በሉዶ ጠጠር ይለያሉ፤ ከፍታ ለያዘ አንድ ነጥብ ይጨመርለታል፣ ከሁለት ወገን ለተከበበ አንድ ይቀነስበታል። የጣሊያን አዛዦች ጀርባቸውን ለአሸዋው ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ የሚያውቁት ዳኛው በጆሯቸው የሚነግራቸውን ብቻ ነው። እርስ በርስ መነጋገር ከፈለጉ በወረቀት ይጽፋሉ፤ ደብዳቤው የሚደርሰው ከሁለት ተራ በኋላ ነው።

ምኒልክ ደግሞ በጣሳ ውስጥ ሦስት ባቄላ አለው። ሳይዋጋ ባደረ ቁጥር፣ ወይም ማጥቃቱ በከሸፈ ቁጥር፣ አንዷ ትወጣለች። ጣሳው ባዶ ሲሆን ሠራዊቱ ስንቅ አልቆበት ይበተናል። በእውነቱም ያን ሰሞን የሁለቱም ወገን ስንቅ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ራሽን መቁጠርን ለእኛ ሰው ማስረዳት አላስፈለገኝም!

የመጀመሪያው ቅዳሜ

ታሪኩን የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ የጣሊያን ካርታ ስህተት ነበረበት። አልቤርቶኔ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ፤ ካርታው ላይ ግን ስሙ የተጻፈው ሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። ሌሊቱን ተጉዞ እዚያ ሲደርስ የአገሬው መንገድ መሪዎች «ኪዳነ ምሕረት ይህ አይደለም፣ ወደፊት ነው» አሉት። እሱም ወደፊት ቀጠለ። እኔም ለተጫዋቾቹ ያንኑ የተሳሳተ ካርታ ሰጠኋቸው። ፀጉር አስተካካዩ ኮረብታው ላይ ሲደርስ የመንገድ መሪዎቹን ቃል በጆሮው ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ወደፊት» አለ።

ሲነጋ ብቻውን ነበር። ሊደግፈው የታዘዘው ዳቦርሚዳ በታሪክም እንደሆነው ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ራቀ። መድፈኛው «የት ነህ?» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ሲደርስ አልቤርቶኔ በሦስት በኩል ተከቧል። ልብስ ሰፊው ጦሩን እንደ ጎርፍ ለቀቀው። ከዚያ አሪሞንዲ፣ በመጨረሻም ዳቦርሚዳ በየተራ ወደቁ። በእውነተኛው ጦርነትም ሁለቱ ጄኔራሎች ሞቱ፣ አልቤርቶኔ ተማረከ፣ መድፎቹ ተወሰዱ። ከእኛም ወገን በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደቀ፤ ፊታውራሪ ገበየሁም እዚያው ቀሩ።

ተመልካቹ ሁሉ ያጨበጭባል። አንድ ወጣት ግን የአልቤርቶኔ ቆርኪዎች ሲነሡ «ባንዶቹ አለቁ!» ብሎ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ ቆርኪዎቹን እየለቀመ፣ ቀና ሳይል፣ «የአያቴ አባት እዚህ ውስጥ ነበር» አለ። «ቀኝ እጁንና ግራ እግሩን ትቶ ነው ቤቱ የገባው። አያቴ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው።»

ጭብጨባው ቆመ። እኔም አፈርኩ። ከዓድዋ በኋላ የጣሊያን ምርኮኞች ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ኋላ አገራቸው ገቡ። ከተማረኩት አስካሪዎች ግን ወደ 800 የሚጠጉት እንደ ከሃዲ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ከነዚህ መካከል ከክፉ ቀን ረሃብ በኋላ ደመወዝ ፍለጋ የገባ ስንቱ ይሆን? ይህን አውቀው ነበር። ስንት ዓመት ዓድዋን ሳስተምር ግን ዘልዬው ነበር። ቀኑን የሚያጨልም መስሎኝ ነው። ቀኑ አልጨለመም፤ እዚያ አሸዋ ላይ የተቀመጠ አንድ ወንድማችን ግን ከታሪኩ ወጥቶ ቀርቶ ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ

ይቀራል ብዬ ስፈራ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ያ የጮኸው ወጣትም መጣ፤ ማንም ሳይጠይቀው ሄዶ አልቤርቶኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩም ሳቅ ብሎ «እንግዲህ ዛሬ ምኒልክ እኔ ነኝ» አለ።

ወጣቱ ካርታው ያሳየው ኮረብታ ላይ ሲደርስ የመንገድ መሪዎቹን ቃል አልተቀበለም። «ሌሎቹ እስኪደርሱ እዚሁ እቆያለሁ» አለ። አራቱ ብርጌዶች ከፍታው ላይ ተያያዙ። የምኒልክ ጦር ዳገቱን እየወጣ ሦስቴ አጠቃ፣ ሦስቴ ተመለሰ። ሦስተኛዋ ባቄላ ስትወጣ ሠራዊቱ ተበተነ። ልጆቹ «እንዴት እንሸነፋለን?» ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ።

ያን ዕለት ያስተማርኩት ትምህርት በሕይወቴ ካስተማርኩት ሁሉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ዓድዋ አስቀድሞ የተጻፈ ድል አልነበረም። ከየአገሩ በእግሩ የመጣ ሕዝብ፣ ስንቁ ሳያልቅ፣ የጠላት ስህተት በተገኘባት ጠዋት ባንድነት ስለተነሣ የተገኘ ነው። ሊያመልጥ የሚችል ነገር መሆኑን ያየ ልጅ ዋጋውን ያውቃል።

ወጣቱ ከወንበሩ ሲነሣ «ጋሼ፣ እዚያ ሲቀመጡ በየት በኩል እንደሚመጣብዎት አይታወቅም። ያስፈራል» አለኝ። ከዚያ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደ። የተነጋገሩትን አልሰማሁም። በማግስቱ ግን ፀጉሩን ተቆርጦ አየሁት።

አሁን አንድ ሕግ ጨምረናል፤ በማንኛውም ጨዋታ ላይ ሁሉም ሰው በተራው የጠላትን ወንበር ይይዛል። የተማረከ ቆርኪም አይጣልም፤ በዳር ተደርድሮ ይቆጠራል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የምንጫወተው የመቀሌን ከበባ ነው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የምሽጉ የውኃ ምንጭ ተይዞ ጣሊያኖች በውኃ ጥም ምሽጉን ለቀው የወጡበት ነው። እናቶችና እህቶች፣ በዚህኛው እናንተም አዛዥ እንድትሆኑ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ የውኃ ወረፋን ነገር ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁና። ቆርኪ ያለው ይዞ ይምጣ።

ቸር ይግጠመን።