ስለ ስፍርና ስለ ሚዛን

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ በአራዳ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። በዚያም ጤፉና ገብሱ በቁናና በዳውላ ሲሰፈር፤ ቡናው በፈረሱላ ይመዘን ነበር። የጥቃቅኑም ሚዛን መነሻ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ፤ የአንዱ ብር ክብደት 28 ግራም ያህል ሆኖ ወቄት ይባላል፤ በተለመደውም አቆጣጠር 12 ወቄት አንድ ነጠር ይሆናል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳና ከፒያሳ ወደ ምዕራብ፤ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ። ቁናውና ጣሳው ግን ከገበሬውና ከባልትናው እስከ ዛሬ አልተለየም።

ስለዚህ ስፍርን ወደ ሚዛን መመለስ ለሹም ሁሉ የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው። ስፍር የሚለካው እህሉ የያዘውን ቦታ ነው፤ ሚዛን ግን ክብደቱን ይለካል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ተጠጋግቶ ይሞላል፤ ገብስ ግን ገለባው ስላልተለየው በፍሬው መካከል ባዶ ቦታ ይተዋል። ከዚህ የተነሣ አንድ ቁና ጤፍ ከአንድ ቁና ገብስ ይከብዳል።

ይህንን ልዩነት ሌሎች አገሮችም ያውቁታል። በአሜሪካ ቡሼል የሚባለው ስፍር 35 ሊትር ያህል ሲይዝ፤ በደንቡ ስንዴው 27.2፤ በቆሎው 25.4፤ ገብሱ 21.8 ኪሎ ሆኖ ይታሰባል። በዚህ ስሌት አንድ ኩንታል ስንዴ 130 ሊትር ያህል፤ አንድ ኩንታል ገብስ ግን 161 ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ ሹም በስንዴ የተለካውን ስፍር ይዞ የገብስ ዘር ቢያድል፤ ኩንታል ብሎ የሚሰጠው 80 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ዐሥር ኩንታል የተጻፈለት መንደር ሁለት ኩንታል ያህል ይጎድልበታል፤ ጉድለቱም የሚታወቀው ዘሩ ተዘርቶ ማሳው ሳይሸፈን ሲቀር ነው።

በወጥ ቤትም ነገሩ እንደዚሁ ነው። 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የስንዴ ዱቄት ግን በማንኪያ ቀስ ተብሎ ቢሞላ 120 ግራም ያህል ሲሆን፤ ተዝቆ ቢጠቀጠቅ እስከ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለሆስፒታል ወይም ለተማሪ ቤት ስንቅ ሲታሰብ ዱቄትን መመዝን እንጂ መስፈር አይበቃም።

ሚዛን በሁሉ ዘንድ ባይገኝም፤ በወረዳው አንድ የታመነ ሚዛን ካለ ሥራው ቀላል ነው። አስቀድሞ ባዶው ቁና ይመዘናል። ቀጥሎ እህሉ ሳይነቀነቅና ሳይጠቀጠቅ ይሞላል፤ አፉም በቀጥታ ዘንግ ተጠርጎ ይስተካከላል። ከዚያ ተመዝኖ የቁናው ክብደት ይቀነሳል። ይህ ሦስት ጊዜ ተደርጎ ድምሩ ለሦስት ሲካፈል የዚያ ቁና ልክ ይገኛል። የገበያው ልማድ ቁልል ከሆነ፤ ቁልሉ ለብቻው ተመዝኖ ይጻፋል፤ የተጠረገውንና የቆለለውን ማደባለቅ ለጠብ በር ይከፍታልና።

የእያንዳንዱ እህል ልክ በየመልኩ ተጽፎ ገበሬው በሚያየው ስፍራ ይለጠፍ። እርጥበት ክብደትን ስለሚለውጥም በየመኸሩ እንደገና ይመዘን። እንዲህ ሲሆን በትልቅ ቁና ገዝቶ በትንሽ ቁና የሚሸጥ ሰው መደበቂያ ያጣል፤ የገበሬውም ድካም በሙሉ ዋጋው ይታሰብለታል።